የጋሽ ወርቁ ሲሊኮን

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ለኢንስፔክሽን እዚሁ አሌክሳንድሪያ ወሰድኳት። ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ከሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለች አለኝ። ቀጥሎም በትሕትና፣ ለጊዜው ላስይዝልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምስኪን፣ ምን አጠፋ? የጮህኩበት ጩኸት እኔንም አስደነገጠኝ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ዘይት ሽታ እየመጣ ነው፣ በዚያ ላይ «ለጊዜው» ይለኛል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ የአስር ዓመት ልጅ እሆናለሁ፣ ደሜ ይፈላል።

አስር ዓመት በሞላኝ ሰመር ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። ያለችን መኪና አንድ ግራጫ ቫን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ዘይት ታፈሳለች። ታንጠባጥባለች አላልኩም፣ ታፈሳለች። የአፓርታማው ማኔጀር የነበረችው ሴትዮ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ዘይት ካየች መስኮት ላይ ብርቱካናማ ወረቀት ትለጥፋለች፤ ወረቀቱ ከተደጋገመ መኪናዋን ያስነሷታል። ስለዚህ የእኔ የቤት ሥራ ካርቶን ነበር። እናቴ ከምትሠራበት ሆቴል የሳሙናና የፎጣ ካርቶን ታመጣለች። እኔ ጠዋት ሴትዮዋ ቢሮዋን ሳትከፍት በሆዴ እተኛና ከቫኗ ሥር የትናንቱን በመጥረጊያ እንጨት ጎትቼ አወጣለሁ፣ አዲሱን እገፋለሁ። የሰው ልጅ ብስክሌት ይነዳል፣ እኔ ጥቁር ካርቶን ተሸክሜ ወደ ቆሻሻ መጣያው እሄዳለሁ። ታች ቤት ያለችው ጓደኛዬ አንድ ቀን፣ ያረረ ፖፕኮርን ትሸቻለሽ አለችኝ። ከእሷ ጋር ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ አባቴ የድመት አሸዋ፣ ድመት ቤት ውስጥ የምትጸዳዳበትን፣ በትልቁ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ከረጢቱ ላይ ነጭ ድመት ተቀምጣለች። እኔ ወዲያው ገባኝ። ስም አወጣሁላት፣ አልጋዬ ሥር ቦታ ለቀቅሁላት፣ ሳህን መረጥኩላት። እሱ ግን ወርዶ አሸዋውን ቫኗ የቆመችበት ላይ በተነው። ለካ ዘይት ይመጥጣል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆንኩ ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሰዋል፣ እኔም አልረሳሁትም፤ አሁንም የሱቅ መደርደሪያ ላይ ያንን ከረጢት ሳይ ይከፋኛል።

ነገሩ የካርቶንና የድመት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አልናደድም ነበር። እናቴ በዚያ ሰመር ትምህርት ጀምራለች። የነርስ ረዳት ለመሆን የስምንት ሳምንት ክላስ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ መታጠቢያ ቤት ስትፈገፍግ ጉልበቷ አልቋል፤ ወደ ቤት ስትመለስ ደረጃውን በየሁለት እርምጃው እያረፈች ነው የምትወጣው። ያቺ የምስክር ወረቀት ከተገኘች ክሊኒክ ቁጭ ብሎ የሚሠራም ሥራ አለ። ለክላሱ ተራ ለማግኘት ዓመት ጠብቃለች። ሕጉ አንድ ነው፦ ሦስት ቀን የቀረ ተሰናበተ፤ ከሩብ ሰዓት በላይ ያረፈደ እንደቀረ ይቆጠራል። ስምንት ሰዓት ከሆቴል ትወጣለች፣ እኔን ከቤት ታነሳለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ መገኘት አለባት። በሜትሮና በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ቦታው ከባቡር ጣቢያ የራቀ ነው። ያለ ቫኗ የማይሆን ነገር ነው።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። በሩ ላይ ባለው መስታወት ሳይ አልጋ ላይ የተኛ የፕላስቲክ ሰውዬ አለ፤ እናቴና ጓደኞቿ እያገላበጡ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ደህና ነዎት ወይ ይሉታል። መጀመሪያ ሳየው የሞተ ሰው መስሎኝ ጮኼ ነበር። እናቴ በዚያ ክፍል ውስጥ ትስቃለች። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ስንመለስም ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ክንዴን ይዛ የልቤን ምት ትቆጥራለች፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉባት ድረስ።

አሁን ወደ ጋሽ ወርቁ ልምጣ። ጋሽ ወርቁ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የራሳቸው ጋራዥ የነበራቸው፣ የሞተርን በሽታ በድምፁ ያውቃሉ የሚባልላቸው ሰው ናቸው። የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ በዲቪ ቀድሞን ብቻውን የመጣ ጊዜ ኤርፖርት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ስምንት ወር ሶፋቸው ላይ አስተኝተውታል፣ መንጃ ፈቃድ አስወጥተውታል፣ ክሪስታል ሲቲ ያለውን የፓርኪንግ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። እንደ አባቴ የተቀበሏቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናቸውን ይዘው ከአፓርታማቸው ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ሎት ይሰለፋሉ። ጋሽ ወርቁ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው በየተራ ኮፈን ይከፍታሉ። ለእኔ ከኪሳቸው ኦቾሎኒ ያወጣሉ፤ ኦቾሎኒውም ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ እበላዋለሁ።

የእኛን ቫን በዚያ ሰመር ስንት ጊዜ አስያዟት! መጀመሪያ ወፈር ያለ ዘይት አደረጉባት፤ ትንሽ ቆየችና ፈሰሰች። ከዚያ ሊክ ያቆማል የሚባል ፈሳሽ ጨመሩባት፣ የጥፍር ቀለም የሚሸት። እሱም ሳምንት ያዘና ለቀቀ። ከዚያ ቡሎኖቹን አጠበቁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አጠበቁ። ከዚያ ሲሊኮን መጣ። እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ የሚወጣ ማጣበቂያ ነው፤ የሞተሩን ክዳን ዙሪያውን ለጠፉበት። በሳምንቱ አልያዘም ብለን ስንመለስ በላዩ ላይ ሌላ ለጠፉበት። አልሸሹም ዞር አሉ። ኮፈኑን ዘግተው የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ለጊዜው ይይዛል። አባቴም ሁልጊዜ፣ እጅዎ ይባረክ ጋሼ ይላቸዋል።

ትክክለኛው ሥራ ምን እንደሆነ እኔ እንኳ በአስር ዓመቴ አውቄዋለሁ። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የምትገባ፣ ጓርኒሲዮን የምትባል ስስ ማገጃ አለች። እሷ ናት አርጅታ የደረቀችው። ክዳኑን መፍታት፣ አሮጌዋን ፍቆ ማንሳት፣ በአዲስ መለወጥ፣ በቃ። በአሮጌዋ ላይ ሲሊኮን መለጠፍ ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው።

ለምን እንደማይሠሯት ደግሞ በልጅ አእምሮዬ ደርሼበታለሁ። ጋሽ ወርቁ ሆን ብለው ነው። ከተሠራች አንመጣም፤ ካልመጣን ብቻቸውን ይቀራሉ። ይሄን ካሰብኩ ወዲህ እሑድ እሑድ ባልዲ ገልብጬ እቀመጥና እንደ ፖሊስ እጃቸውን እጠብቃለሁ። ቡሎኖቹን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ሲዳስሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚጸልዩ መሰለኝ፤ እያጭበረበሩ ይጸልያሉ ብዬ ይብስ ተናደድኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው አያዩትም፣ ያሸቱታል፤ ይሄን እንኳ ሳልወድ አደነቅሁላቸው። ጠርሙስ ሲያነሱ ሚጣ ነይ አንብቢልኝ፣ እንግሊዝኛሽን ልስማ ይሉኛል። እኔም እየተንጎራደድኩ አነባለሁ። ፈተና መስሎኝ፣ አስር ከአስር አገኘሁ እያልኩ እስከ አሌክሳንድሪያ ስፎክር እመጣለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ዓይኔ ሥር ነበር እኮ።

አንድ እሑድ ከጋሽ ወርቁ ወጥተን ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ሳንይዝ አባቴ ማደያ ገባ። ነዳጅ ግን አልቀዳም። ዳር ላይ አቆመና ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጋሽ ወርቁ አሁን የሠሩትን መልሶ ይነካካ ጀመር። አንዱ ቡሎን ጭራሽ ሳይጠብቅ ቀርቶ ነበር። ቀና ስል ወዲያ ጥግ ላይ ቅድም ከእኛ በፊት የተሠራላቸው ሰውዬ ኮፈናቸውን ከፍተው ጎንበስ ብለዋል። ከአየር መሙያው አጠገብ ደግሞ ቅድም ከፊታችን ተሰልፎ የነበረው ታክሲ ነጂ፣ እሱም ከፍቷል። ሦስቱም ተያይተዋል። ሦስቱም እንዳልተያዩ ሆኑ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ተቃቅፈው የተሰነባበቱ ሰዎች፣ አሁን ሰላምታ እንኳ የለም። እናቴ ከፊት ወንበር ሆና አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ አባቴን አየች።

ቤት ስንገባ ተነሳችበት። ሰውዬው ከደከሙ ለምን አትነግሯቸውም አለችው። አባቴ፣ ምን ብዬ አለ። ሌላ ጋራዥ እንውሰዳት ስትለው ጭራሽ ተሳቀቀ። እኔ ሌላ ቦታ ከወሰድኩ ነገ ሁሉም ይወስዳል፣ እሑድ ደጃቸውን የሚረግጥ አይኖርም፣ ሶፋቸው ላይ የተኛሁት እኔ ልጀምረው ወይ አለ። እናቴ ይሄን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኔ ሶፋቸው ላይ አልተኛሁም» አለች። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጎበዝ ብያት ነበር በልቤ። በሚቀጥለው እሑድ ልትነግራቸው ሄደች። እሳቸው ለካ ለትምህርትሽ ብለው ወፍራም ደብተርና ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ ገዝተው ይጠብቋታል። ደብተሩን ታቅፋ፣ ቫኗን በሌላ ሲሊኮን አስለጥፋ ተመለሰች። ማክሰኞ ወደ ክላስ ስንሄድ ትልቁ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዘይቱ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ ውስጡን ጭስ ሞላው። እያሳለን ተመለስን። ከክላስ አንድ ቀን ቀረች። በሌላው እሑድ አፏን ልትከፍት ስትል የባለቤታቸው ሙት ዓመት መሆኑን ሰማች። በዚህ ቀን እንዴት ብላ? ሐሙስ ጠዋት ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ አልጠፋ አለ፤ አባቴ እንዳትነኪያት ብሎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ሁለት። ከዚያ ወዲያ ያሉት እሑዶች ሁሉ እንደዚያው አለፉ። አንድ እሑድ ቱታቸው አዲስ ነበር፣ አንድ እሑድ ሰው በዛ፣ አንድ እሑድ ዘነበ። እኔ ከኋላ በሁለት እጄ ብገፋት ደስ ይለኝ ነበር። በይሉኝታ የተጎዳውን ቤት ይቁጠረው።

ክላሱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ቫኗ ኤሲ የላትም፣ መስኮቷ ሁሉ ክፍት ነው፣ የእናቴ ነጭ የክላስ ጫማ በላስቲክ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር አለ። ለሲልቨር ስፕሪንግ አንድ መውጫ ሲቀረን ሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚያንኳኳ የሚመስል ድምፅ ተነሳ። ቀዩ መብራት በራ። እናቴ ዳር ይዛ አጠፋቻት። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነው። አባቴን ኮል አደረገችው። እሱ ደግሞ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ጋሽ ወርቁ ቅርብ ናቸው፣ እሳቸውን ጥሪ።

ጋሽ ወርቁ በሃያ ደቂቃ ደረሱ። ሲወርዱ እጃቸው ላይ ያችው የሲሊኮን ቱቦ አለች። ኮፈኑን ሊከፍቱ ሲሉ እናቴ፣ ጋሼ እሱን ይተዉት፣ እኔን ክላስ ያድርሱኝ አለቻቸው። ሩብ ሰዓት አላት፣ መንገዱ ሰባት ደቂቃ ነው። ቫኗን እዚያው ትተን ሦስታችንም እሳቸው መኪና ውስጥ ገባን።

ከዚያ በፊት ሲነዱ አይቻቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እኛ ነን የምንሄደው። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። መብራት ጋ ስንደርስ፣ ሚጣ ቀለሙ ምንድነው አሉኝ። እኔ አሁንም ጨዋታ መስሎኝ፣ አረንጓዴ ብዬ ጮህኩ። እናቴ ቀስ ብላ ዞራ አየቻቸው። መታጠፊያውን አለፉት። ምልክቱ የበር ቁመት አለው፣ አለፉት። ዞረን ተመለስን፣ ደግሞ አለፉት። ያቁሙልኝ ጋሼ አለች እናቴ። አቆሙ። ቦታ ተቀያየሩና እሷ ነዳች።

ስንደርስ ዘጠኝ ከሃያ ሆኗል። ጫማዋን ሳትቀይር ሮጣ ገባች። ብዙም አልቆየች። ስትመለስ አንገቷ ላይ የነበረው የተማሪ መታወቂያ የለም፤ ተቀብለዋታል። አስተማሪዋ አዝናላታለች፣ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ተራ ሲገኝ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪ ብላታለች። ስድስት ሳምንት የተማረችው ሁሉ ውኃ በላው። እስከዚያ ያው አልጋ ማንጠፍ ነው። መሪውን ይዛ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ሞተሩንም አላስነሳችም።

ጋሽ ወርቁ ወደ መስኮቱ ዞረው ነው የተናገሩት።

«አልማዝ፣ ዓይኔ ከከዳኝ ሁለት ዓመት አለፈው። አንድ ሰው ይብቃዎት ይለኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ሰው ሁሉ ደግሞ እሑድ ሲሆን መኪናውን ይዞ ይመጣል። እኔን ብሎ የመጣን ሰው አላይም ብዬ እንዴት ልመልሰው?»

እናቴ መሪውን እንደያዘች መለሰችላቸው።

«እኔም ልነግርዎ ስል ነው ሦስቱ ቀን ያለቀብኝ፣ ጋሼ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ፣ በንዴት። እሳቸው ሰው እንዳይከፋው ብለው ሳያዩ ይሠራሉ። ሰዎቹ እሳቸው እንዳይከፋቸው ብለው ያሠራሉ፣ ማደያ ሄደው ያፈርሱታል፣ በሳምንቱ መጥተው እጅዎ ይባረክ ይላሉ። አባቴ ያውቃል፣ ዝም ይላል። እናቴም ከሁሉም የምትጎዳው እሷ ሆና ሳለ ደብተር ታቅፋ ትመለሳለች። አንድ ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር። ሰመሩን ሙሉ የጠላኋቸው ሰውዬ እንኳ ክፉ ሆነው አልተገኙም። የምጠላው ሰው አጣሁ፣ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

በማግስቱ ቫኗ ተጎትታ አናንዴል፣ አንድ አበሻ ጋራዥ ገባች። ጋሽ ወርቁ አብሬ ካልሄድኩ አሉ፣ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። አባቴም ከሥራ ቀርቷል። አራታችን ቆመን ስንጠብቅ ወጣቱ መካኒክ የሞተሩን ክዳን ፈትቶ፣ የደረቀ ሲሊኮን በእፍኙ ይዞ ወጣ። ቁርጥራጩ ወደ ውስጥ እየወደቀ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ደፍኖታል፣ ሞተሩ የተረፈው በተአምር ነው አለ። ውስጡን አጥቦ ጓርኒሲዮኗን ለመለወጥ ስንት ቀን ይፈጃል ብላ እናቴ ጠየቀችው። ሁለት ቀን ነው አላት። እናቴ ደግማ ጠየቀችው፤ ሁለት ቀን ነው አለ።

ከዚያ ልጁ እፍኙን ወደ እኛ ዘርግቶ ሳቀ። «ማነው ይሄን የለጠፈው?»

አባቴ ወለሉን አየ። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ነው ሊል አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ልጁ ክው አለ። ሽበታቸውን አየ፣ ቱታቸውን አየ፣ እጁን ከጀርባው አደረገ። ይቅርታ አባባ፣ አላወቅኩም አለ። አልበቃው ብሎ ደግሞ ፊቱን ፈገግ አድርጎ፣ ግን እኮ በደንብ ይዞ ነበር አላቸው። አባቴ ወዲያው ተቀበለው፣ አዎ፣ አዎ፣ በደንብ ነበር የያዘው እያለ። ጋሽ ወርቁ ሁለቱንም ትተው፣ ፊቷ በደንብ ባይታያቸውም፣ ወደ እናቴ ዞሩና ጠበቁ።

«አልያዘም፣ ጋሼ» አለች እናቴ።